አራተኛው ፈረሰኛ

«ልጁ ከዚያ ከእንጨት ፈረስ ላይ ቢወድቅስ?» ወይዘሮ ጎደሊቭ ከጧት ጀምረው ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ፈረሱ ከቤት ጣሪያ ይስተካከላል፤ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ በዴንደርሞንደ ከተማ ጎዳናዎች የሚያልፈውም በዐሥር ዓመት አንዴ ነው። የሚቀመጡበት ደግሞ በመካከላቸው እህት ሳትወለድ የተከታተሉ አራት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ከቀረ ሁሉም ይቀራሉ። ዘንድሮ ተራው የልጅ ልጆቻቸው ነው። የመጨረሻው፣ የስምንት ዓመቱ ራፍ ግን ከፍታ እንደሚፈራ ትናንት ለእሳቸው ብቻ ሹክ ብሏቸዋል።

የፈረሰኛ የብረት ልብሱን እያለበሱት፣ «ሆዴን አመመኝ በል፤ እኔ እመሰክርልሃለሁ» አሉት።

«ወንድሞቼ ይቆጡኛል፣ አያቴ።»

«ይቆጡ! አጥንትህ ከሚሰበር ይቆጡ!»

ሦስተኛው ልጅ ሲበ ብቅ አለ። «አንተ ጩጬ፣ ከኋላህ እኮ እኔ ነኝ። መታጠቂያህን ጥርቅም አድርጌ እይዝልሃለሁ። ካስፈለገም ዓይንህን ጨፍን፤ ከታች ሆኖ ማን ያይሃል?»

«መፍራቴን ማን ነገረህ?»

«ፊትህ ነዋ! ከትናንት ጀምሮ አይብ መስለሃል።»

ራፍ ሳቁ አመለጠው። አያቱ ግን እጁን አልለቀቁም። ልጁ ጉንጫቸውን ሳማቸው፤ ጣቶቻቸውን ቀስ አድርጎ አላቀቀና ወንድሙን ተከትሎ ከቤት ወጣ።