ለተማሪ የምትቀመጥ እንጀራ

ባሕር ዳር አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ ተማሪዎችን የወጪ መጋራት ቅጽ ማስፈረም ነው። አንዳንዱ «መኝታውም ምግቡም በነጻ አልነበር እንዴ?» ብሎ ሲደነግጥ፣ «ወንድሜ፣ ነጻ የሚባል ነገር የለም፤ ከፋዩ አልታየህም እንጂ» እለዋለሁ። ይህቺን አባባል አሥራ አንድ ዓመት ስደጋግማት አንድ ቀን እንኳ ወደ ራሴ አዙሬ አላየኋትም።

እኔ የተማርኩት በነጻ ነው። ልጅ ሆኜ ከዱርቤቴ መጥቼ ዘንዘልማ የኔታ ሀብተ ሥላሴ ዘንድ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። ዳዊት ደግሜ፣ ጾመ ድጓ ጀምሬ ነው ጥዬ ወደ አስኳላ የገባሁት። የኔታ ከተማሪ አምስት ሳንቲም አይቀበሉም። ለማደሪያም አንከፍልም፤ ጎጇችንን ራሳችን እንሠራለን። ማታ ማታ አኩፋዳችንን አንግተን፣ ለውሻ ዱላ ይዘን በየደጁ እንቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም» እንላለን፤ ቁራሽ ይሰጠናል። ይህን በአገራችን ልመና የሚለው የለም። የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው፤ ደጅ ያልጠና ተማሪ ይታበያል ይባላል።

ተማሪ ሁሉ የለመደው ደጅ አለው። የእኔ ደጅ የእቴቴ የሺአረግ ነበር። አምስት ልጆች አሏቸው፤ መሬታቸው ጠባብ ነው። ሆኖም ራት ሲቀርብ አንዲት እንጀራ አጥፈው ለብቻ ያስቀምጡ ነበር። ልጆቻቸው ሳይጠግቡ ቢነሡ እንኳ ያቺ እንጀራ አትነካም። የተማሪ ናት።

ከስድስት ዓመት በፊት የቤት ማኅበራችን ዘንዘልማ መሬት ተሰጠው። በዕጣ የደረሰኝ ቦታ የእቴቴ የሺአረግ የጤፍ ማሳ ሆኖ ተገኘ። ካሳ ተከፍሏቸዋል፤ ካሳውም ለልጆቻቸው ተከፋፍሎ አለቀ። አሁን ከሰፈራችን ግንብ ውጭ ካሉት ቆርቆሮ ቤቶች አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ይህን ሳውቅ ምን ተሰማኝ? ምንም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደንዝዣለሁ። ተኩስ ሲሰማ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እጨምራለሁ፤ ጤፍ ሲወደድ ዝም ብዬ እገዛለሁ። ደህና ነህ ወይ ሲሉኝ ደህና ነኝ እላለሁ፤ እውነትም ይመስለኛል።

አምና ሌባ ስለበዛ ሰፈራችን በር አበጅቶ ዘበኛ ቀጠረ። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀትም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «አዟሪ፣ ደላላና ለማኝ መግባት ክልክል ነው» ይላል። እኔን ያስመረረኝ ደላላው ነበር፤ «ለማኝ» የምትለዋን ለማሟያ ያህል ጨመርኳት። ሰው ሁሉ ጽሕፈቴን አደነቀ። ፊደል አጣጣል ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው።

በጥር ወር አንድ እሑድ የኔታ አስጠሩኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጎጆዎቹ ፈርሰዋል፤ ከአርባ ተማሪ የቀረው ቃለ ሕይወት የሚባል ጎልማሳ ብቻ ነው። ድጓ ሊያስመሰክር አንድ ዓመት ይቀረዋል።

«እንዴት ሰነበትህ፣ ክንዱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ፣ የኔታ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ። ይህ ልጅ ግን ራበው። ከአንዲት ደጅ በቀር ደጅ የለም፣ ልጄ። እርሻው ቤት ሆነ፤ ቤቱ ግንብ ሆነ። በግንቡ በር ዘበኛ ይመልሰዋል። ወረቀትም ተለጥፏል አለኝ። ጽሕፈቱስ ያማረ ነው አለ።»

አንገቴን ደፋሁ። «በየወሩ ከደሞዜ ልቁረጥልዎት» አልኳቸው።

«አንተ የተዛወርህ ዕለትስ? እኔ አርባ ተማሪ ያኖርሁት በአንድ ሰው ደሞዝ መሰለህ? በመቶ ደጅ ነው። አንዲት ቁራሽ ለአንድ ደጅ አትከብድም። ገንዘብህን አልሻም፤ ያን ወረቀት አስነሣልኝ። አለዚያ ጾም ሳይገባ ቃለ ሕይወት ወዳገሩ ይሄዳል፤ ወንበሬም ይታጠፋል።»

«እሺ፣ የኔታ፣ አስነሣለሁ» አልኩ።

ቅዳሜ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ስለ ቱቦው ተነጋገርን፤ ስለ መንገድ መብራት ተነጋገርን። ሰብሳቢው ግሩም «ሌላ ጉዳይ ያለው?» አለና ሰዓቱን አየ። አንዷ ቦርሳዋን አንሥታለች። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «የለም» አልኩ። ፈርቼ አልነበረም። ማንም አይቆጣኝም ነበር፤ ምናልባት እሺም ይሉኝ ነበር። አንድ ሰው ተነሥቶ መናገር ነበረበት፤ እኔን ደከመኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሌላ ጉዳይ አልተነሣም» ብዬ ጻፍኩ፤ በዚያው ባማረ ጽሕፈቴ።

ቃለ ሕይወት የቅበላ ሰሞን ሄደ። የኔታንም የእህታቸው ልጅ መጥቶ በጀልባ ወደ ጎርጎራ ወሰዳቸው። አልሸኘኋቸውም። ቅጽ እያስፈረምኩ ነበር።

ከሳምንት በኋላ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከባጃጅ ወርጄ በቆርቆሮ ቤቶቹ በኩል ወደ ቤቴ ስሄድ መብራት ጠፍቶ ነበር። የእቴቴ የሺአረግ ደጅ ላይ ቆምኩ። ክንዱ ነኝ ብዬ ሰላም ልላቸው ነበር ሐሳቤ። ከአፌ የወጣው ግን «በእንተ ስማ ለማርያም» ነው።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አሉ ከውስጥ።

በሩ ገርበብ አለና በእጃቸው አንድ ፌስታል ዘረጉልኝ። ጨለማ ነው፤ መልኬን አላዩም።

«የሱቅ እንጀራ ናት፤ ይቅር በለኝ። ሳምንት ሙሉ የት ጠፍተህ ነው? የየቀኑን አድርቄ አስቀምጨልሃለሁ፤ እንካ ይህንንም ውሰድ።» ሁለተኛ ፌስታል ጨመሩልኝ። ድርቆሽ ነው፤ ይንኮሻኮሻል።

«እርስዎ ምን ሊበሉ ነው?» አልኳቸው።

«ለተማሪ የተቀመጠ እኔ እንዴት ብየ እበላለሁ? የኔታ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ነገም እንዳትቀር።»

በሩ ተዘጋ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ስንት ዓመት የደነዘዘው ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ተማሪው ሄዷል፣ የኔታም የሉም፣ በቃ አያስቀምጡ ልላቸው በሩን ላንኳኳ እጄን አነሣሁ። ይህን ካልኩ ማን እንዳስኬዳቸውም መናገር አለብኝ። እጄን መለስኩ።

በማግስቱ ወረቀቱን ቀደድኩት። ማንም ምንም አላለኝም። ተማሪ ግን አልመጣም፤ ከየት ይመጣል?

እቴቴ የሺአረግ ዛሬም አንዲት እንጀራ ይገዙና ለብቻ ያስቀምጣሉ። እኔም ሲመሽ እሄዳለሁ፤ ጨለማው እስኪጸና ጥጉ ጋ ቆይቼ ደጃቸው ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» እላለሁ፤ ይሰጡኛል። እውነቱን የምነግራቸው ነገ ነው እያልኩ ይኸው ጾሙ ሊፈታ ነው።