ሙሴ ጋርኖ ያላጠፋው ካሜራ

"ያጥፉት! ያጥፉት ብያለሁ!"

ፋናዬ ከወንበሯ ብድግ ስትል ፊልም ሠሪው ሙሴ ጋርኖ የፊልም መቁረጫ ማሽኑን አቆመው። የራሷ ፊት በትንሹ ስክሪን ላይ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ባለፈው ወር አሜሪካ፣ ፌርፋክስ በሚገኘው አፓርታማዋ፣ ስለ ስደተኛ ተማሪዎች ለሚሠራው ፊልም ሲቀርጻት ስልክ ተደወለ። ከደርግ ተደብቆ የነበረው ወንድሟ ሸዋንግዛው አዲስ አበባ መንገድ ላይ ተይዞ መገደሉን የሰማችው ካሜራው ፊት ነው። "ከእትዬ ሮማነወርቅ ቤት ምን አስወጣው?" እያለች ስትጮህ ጋርኖ አላጠፋውም።

"እንዲህ ያለ እውነት በሕይወቴ ቀርጬ አላውቅም" አላት በፈረንሳይኛ። አዲስ አበባ ፈረንሳይ ትምህርት ቤት ስለተማረች የሚግባቡት በዚሁ ቋንቋ ነበር።

"እውነቱ የእኔ ነው፤ የእርስዎ አይደለም።"

ጋርኖ ግንባሩን አሸ። በወጣትነቱ በአገሩ በካናዳ የኩቤክን ዓሣ አጥማጆች ኑሮ ቀርጾ አገር ያጨበጨበለት ሰው ነው። ሆሊውድ ጠርቶ ሁለት ትልልቅ ፊልሞች ቢሰጠው ሁለቱም ወደቁ፤ ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። አሁን ግን አንድ የአውሮፓ ፌስቲቫል ይህን ፊልም መርጦታል። ቅጂው ዛሬ ከሰዓት በአውሮፕላን ይላካል።

ይዟት የመጣው የአክስቷ ልጅ ኅሩይ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ሮማነወርቅ እናቱ ናቸው።

"ማን እንደደበቀው ደርጎቹ እስከ ዛሬ አላወቁም" አለ። "ሶ፣ ይሄ ነገር ሾው ከተደረገ እናቴ አለቀላት። ንገሪው እንጂ!"

ነገረችው። ጋርኖም፣

"ድምፁን ላጥፋው፤ ፊትሽ ብቻ ይታይ" አለ።

"አማርኛ የሚያውቅ ከንፈሬን ያነበዋል።"

"ያለዚህ ክፍል ፊልም የለኝም፣ ፋናዬ። ሃምሳ ዓመት ሞላኝ። ሌላ ዕድል የሚሰጠኝ የለም።"

"አክስቴ ስልሳ ሞልቷቸዋል። ሰባ እንዲሞላቸው እፈልጋለሁ።"

ኅሩይ ፈረንሳይኛውን ባይሰማም ነገሩ ገባው። ተንደርድሮ ማሽኑ ላይ ያለውን የፊልም ጥቅል ሊነጥቅ ሲል ጋርኖ ጥቅሉን በሁለት እጁ አቀፈው። ሁለቱም ትንፋሻቸው ተቆራርጧል።

"ኅሩይ፣ ተወው!" አለች ፋናዬ። "ራሱ ይስጠን።"

ጋርኖ ስክሪኑ ላይ የቀረውን ፊት አየ፤ ከዚያ ፊት ለፊቱ የቆመችውን አየ። ስልኩን አንስቶ ለፌስቲቫሉ ሰዎች ደወለ፤ "ፊልሙ አይላክም" አለና ዘጋው። ጥቅሉን ከማሽኑ ፈትቶ ለኅሩይ ሰጠው።

"ቅጂው የሚታተምበት ዋናው ኔጋቲቭ ፊልም ማጠቢያ ቤት ነው ያለው። አብረን ሄደን እናወጣዋለን" አላት። ከዚያ ባዶውን ማሽን እያየ ተቀመጠ።

"በቃ፣ ነይ እንሂድ" አለ ኅሩይ።

ፋናዬ ግን አልተነቃነቀችም። ያ ስልክ ከተደወለ ጀምሮ የወንድሟን ነገር ለማንም አንስታ አታውቅም፤ የሚያጽናናትን ሁሉ "ደኅና ነኝ" እያለች ስትሸኝ ነው የከረመችው።

"መኪናው ውስጥ ጠብቀኝ" አለችው።

ወንበሯን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጎትታ ተቀመጠች።

"ካሜራዎን ያምጡ።"

ጋርኖ ቀና አለ። "ለፌስቲቫሉ እኮ አይደርስም።"

"ስለ ፌስቲቫሉ መቼ ጠየቅኩዎት? ስለ ወንድሜ እናገራለሁ፤ የማንንም ስም አልጠራም። ይዝጉት ስልዎት ግን ይዘጉታል።"