ከውስጥ የታረመ ሽምብራ

ሰብለ ወንጌል ባሕር ዳር ባለ አንድ የሰብል ምርምር ጣቢያ መሥራት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ሥራዋ ሽምብራን ከሥሩ ይዞ የሚያደርቀውን በሽታ የሚቋቋም ዘር ማውጣት ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር የቤተ ሙከራ ችግኟ እየሞተባት፣ እንደገና ስትጀምር እንደገና እየሞተባት ቆይታ በመጨረሻ ተሳካላት። በበሽተኛው አፈር ላይ ሌላው ሽምብራ ሁሉ አመድ ሲመስል የእሷ ቆመ፤ አፈራም። ደስታው ዘግይቶ ስለመጣ ይሁን እንጃ፣ ከእንቅልፍ በቀር ያማራት ነገር አልነበረም። በዚያ ላይ ዘሩን ከግቢ አውጥቶ ማሳ ላይ ለመዝራት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ደግሞ ዛሬ ነገ ሲባል ከረመ።

በጥር አንድ ማለዳ ታላቅ ወንድሟ ገድሉ ከሐሙሲት በአውቶቡስ መጣ። የሽምብራ ማሳው ዘንድሮም በዚያው በሽታ ደርቆበታል። ሽምብራዋ ወደሚያድግበት የመስታወት ቤት አስገባችው። ገሚሱ ሽምብራ ገና ለምለም ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ተፈልፍሎ እንዲደርቅ ትሪ ላይ ተሰጥቷል። ገድሉ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን ዳሰሰ።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«በሽታው የሚገባበትን በር ዘጋሁበት፣ ጋሼ። ከሌላ ያመጣሁበት ነገር የለም፤ የራሱን ዘረመል ነው ያረምሁት።»

«እኛ ስናርም አረሙ ተመልሶ ይበቅላል» አለ። «አንድ እፍኝ ስጭኝ።»

«አልችልም። ፈቃድ ሳይመጣ አንዲት ፍሬ ከዚህ አትወጣም።»

«መቼ ይመጣል?»

«አላውቅም።»

ሐይቁ ዳር ዓሣ ጋበዘችው። መናኸሪያ ድረስ ሸኘችው። አውቶቡሱ ሊሞላ ሲል ገድሉ የጋቢውን ጫፍ ፈታ። ጥቂት ሽምብራ ቋጥሮበት ኖሯል።

«ዞር ስትይ ወሰድሁ» አለ ዓይኗን ሳያይ። «ዓሣው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ብዘራውና ከየት አመጣኸው ቢሉኝ፣ የሚይዙት አንችን ነው። እንኪ።»

መዳፏ ላይ አፈሰሰላት። መቆጣት ነበረባት፤ ጉልበት አጣች። «ውሰደው» የሚለው ቃልም ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ባሕር ዛፍ እተክላለሁ። እሱ እንኳ አይታመምም።»

ፈቃዱ የመጣው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው፤ ለዚያውም በአጥር ለተከበበች ቁራሽ መሬት። ባልደረቦቿ እልል ሲሉ እሷ ወደ ውጭ ወጥታ ለወንድሟ ደወለች።

«እሰይ፣ እቴ!» አለ ገድሉ፤ ከልቡ ነበር። «የእኔን መሬት እንኳ ባሕር ዛፉ ሥር ሰዶበታል፤ ነቅዬ አልጨርሰውም። ለጎረቤቶቼ ይድረስላቸው።»

«ዘገየሁብህ፣ ጋሼ።»

«አንች አይደለሽም የዘገየሽው። ይልቅ ድምፅሽ ደክሟል። ለፋሲካ ነይና እስኪበቃሽ ተኝ፤ ማንም አይቀሰቅስሽ።»

«እመጣለሁ» አለችው። ወዲያው ከውስጥ ጠሯት፤ የሚዘራው ዘር ገና አልተለቀመም ነበር።