ውሃ አልረጭ ያለችው መኪና

መጀመሪያ ላይ መኪናዋ የምር ተበላሽታ ነበር። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ «ከመነሻውም ውሸታም ነበረች» እንዳልባል።

ባሌ አያሌው ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ትቶልኝ የሄደው አንድ አሮጌ ነጭ መኪና ነው። አንድ ሐሙስ ሩዋንዳ ሰፈር ካለው ቤቴ ወጥቼ በገርጂ በኩል ሳልፍ የፊት መስታወቱን አቧራ ሸፈነው። የውሃ መርጫውን ስጫነው እንደ ጉንፋናም ሰው ያጓራል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም። በዝናብ መጥረጊያው ብቻ ላስጠርገው ብል ጭራሽ አድበስብሶት መንገዱ ጠፋኝ። መንገድ ዳር ያየሁት ጋራዥ ውስጥ ዘው አልኩ።

ቱታ የለበሰ፣ ረጋ ያለ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው መጣ። ዋቅጅራ ይባላል። ኮፈኑን ከፍቶ ውሃው የሚጠራቀምበትን ፕላስቲክ አወጣና አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ውስጡ አረንጓዴ ነገር ተጋግሯል።

«ማዘር፣ ምንድነው የሚጨምሩበት?»

«ማዘር አትበለኝ፤ ዕፀገነት እባላለሁ። የቧንቧ ውሃ ነዋ! ምን ልጨምርበት ኖሯል፣ ጠጅ?»

ሳቀ። «እትዬ ዕፀገነት፣ የቧንቧ ውሃ ብቻውን ሲከርም ኖራ ይሠራል፣ ይሸታል። አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ አጥልለው ይጨምሩበት። ለመስታወት ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ ትንሽ ጠብ ያድርጉበት። የዕቃ ሳሙና አያብዙበት፣ ይረጋል። ደግሞ ባዶውን እንዳይጫኑት፤ ፓምፑ ውሃ ካጣ ይቃጠላል።»

ፕላስቲኩን በሙቅ ውሃ አጠበው፣ የተሰነጠቀውን ቀጭን ቱቦ ቀየረው፣ ኮፈኑ ላይ ያሉትን ሁለቱን የመርጫ ቀዳዳዎች በመርፌ ጠረጋቸው። እየሠራ ያወራኛል። አባቱ እዚሁ ሰፈር ጤፍ ያርሱ እንደነበር፣ አሁን እርሻቸው ላይ ፎቅ እንደቆመ ነገረኝ። እኔም ስለ አያሌው አወራሁት። ስለ ልጄ ስለ ቤዛዊት አወራሁት፤ ባሏን ተከትላ ሐዋሳ እንደገባች፣ እሁድ እሁድ ደውላ «ደህና ነሽ?» እንደምትለኝ፣ እኔም «ደህና ነኝ» እንደምላትና በዚያው ቻው ቻው ተባብለን እንደምንዘጋው። አንድ ሰዓት ሙሉ ለፈለፍኩ። ቤቴ ስገባ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ለካ ድምፄ ሥራ ፈትቶ ከርሟል።

በሳምንቱ ቱቦውን ራሴ ነቀልኩት።

ይሄን የሰማ ይስቅብኝ ይሆናል። ይሳቅ! ስልሳ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ያለ ጉዳይ ጋራዥ ገብታ ወንዶች መሐል አትቆምም። «ምን ፈልገው ነው?» ትባላለች። ዕቃ የተበላሸበት ሰው ግን የትም ይገባል፣ ማንም ያናግረዋል። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ስሠራ ያለ ጉዳይ የሚመጣ ሰው እንዴት እንደሚታይ አውቃለሁ፤ እኔው ራሴ ነበርኩ ፊቴን የማጠቁርበት።

ዋቅጅራ ቱቦውን መልሶ አስገባና «ከእንግዲህ አይነቀልም» ብሎ በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። እውነቱን ነው፤ ብታገል ብታገል ጥፍሬ ተሰበረ እንጂ አልተፈታም። ያን ጊዜ ነው ጧፏ ትዝ ያለችኝ። ለመድኃኔዓለም ብዬ ከገዛሁት ጧፍ አንዲት ተርፋ ነበር። ከሰሟ ቆነጠርኩ፣ በጣቴ አሙቄ አለሰለስኩና ሁለቱንም ቀዳዳዎች ደፈንኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዋቅጅራ አቧራ መስሎት በመርፌ ወጋግቶ፣ በኮምፕረሰር አየር ነፍቶ ሸኘኝ። ያን ቀን ስለ እናቱ ሕመም አጫወተኝ፤ ቤቴ ገብቼም ሳስባቸው አመሸሁ። የማስብላቸው ሰው ካገኘሁ ቆይቼ ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ደግሜ ደፈንኩ።

አራተኛ መምጣቴ መሆኑ ነው። የጋራዡ ሠራተኞች «የእትዬ መኪና መጣች! ዛሬስ ትድን ይሆን?» እያሉ ሲያሽሟጥጡ ሰማሁ። ዋቅጅራ እንደ ወትሮው አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ በመርፌው ሲጎረጉር ትንሽ ነገር መርፌው ጫፍ ላይ ተጣብቃ ወጣች። ጠርጎ አልጣላትም። በጣቱ አሻት። ከዚያ አሸተታት። እሱም በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ነው፤ የጧፍ ሽታ አይጠፋውም። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ይሄኔ የጋራዡ ባለቤት አቶ አብዱልሐሚድ ከቢሯቸው ወጡ።

«አራት ጊዜ!» አሉ። «ለውሃ መርጫ አራት ጊዜ! ሰው ምን ይለናል? ይሄን ያልቻልክ የሰው ፍሬን እንዴት አምኜ እሰጥሃለሁ? ከዛሬ ጀምሮ ጎማ ብቻ ነው የምትፈታው፣ ሰማህ?»

ዋቅጅራ መዳፉን ጨበጠ። ሰሟ እዚያው ውስጥ ናት። እጁን ዘርግቶ ቢያሳያቸው ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር።

«የኔ ጥፋት ነው ጋሼ» አለ። «በደንብ አልጠረግኩትም።»

ዝም ካልኩ በሳምንቱ መምጣት እችላለሁ፤ ከተናገርኩ ግን በዚያ በር ዳግም አልገባም። ወዲያው ተናገርኩ ብል ደስ ባለኝ። አልተናገርኩም። ቆም ብዬ አሰብኩበት። ሰውየው ስሙ ሲጠፋ እያየሁ አሰብኩበት፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

«አቶ አብዱልሐሚድ፣ እሱ ምንም አላጠፋም» አልኩ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ በጧፍ የደፈንኩት። ያኔ ቱቦውንም የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን ሲሉ?»

«ሰው ለማናገር።»

ሲያሽሟጥጡ የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው መፍቻቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። አቶ አብዱልሐሚድ ጢማቸውን ደባበሱና «አላህ ይርዳዎት እህቴ» አሉ። ወደ ቢሯቸው ሲመለሱ በሩ ላይ ዞር ብለው «ዋቅጅራ፣ ይሄን ስትጨርስ የሰማያዊዋን መኪና ፍሬን እየው» አሉት።

ዋቅጅራ ሥራውን ቀጠለ። ሁለቱንም ቀዳዳዎች አጸዳ፣ ውሃ ሞላ፣ ሞከረው፣ ኮፈኑን ዘጋ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ተቀየምከኝ?» አልኩት።

«አዎ» አለኝ። «ምን ባጠፋ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።» እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣት በጣት፣ ቀስ እያለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብቻዬን ነኝ ቢሉኝ ኖሮ እኮ ወንበር አወጣልዎት ነበር» አለኝ።

አሁንም አውጣልኝ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን ሳየው ተውኩት። «እናትህን ጠይቅልኝ» ብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

ቦሌ ስደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። መርጫውን ተጫንኩት። ውሃው ከሁለቱም ቀዳዳዎች ፊን ብሎ ወጣ፣ መጥረጊያው ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፣ መስታወቱ ጥርት አለ። መኪናዋ ደህና ናት። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ክላክሱን ሲያንባርቀው መንገዱ መከፈቱን አየሁ። ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው፤ የምሄድበትም የለኝም።