ባዶውን የማይመለስ ጆንያ

ፈይሩዛ ጆንያውን ገልብጣ ስታራግፈው እግሯ ሥር ስንዴ ፈሰሰ። ሁለት ጣሳ ይሆናል፤ ተለቅሞ የጸዳ፣ አንድ ጠጠር የሌለበት። «ያ ረቢ!» አለች። ዛሬስ ጭራሽ ግራ ገባት።

አሰላ ባለው የምግብ ባንክ መጋዘን መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። በመኸር ከጮሌና ከጎበሳ ገበሬው ያዋጣው ስንዴ ይመጣል፤ ወፍጮ ቤቶች ዱቄት፣ ባለሱቆች ዘይትና ምስር ይሰጣሉ። እነ ፈይሩዛ አበጥረው፣ መዝነው፣ ጓዳቸው ለነጠፈባቸው ቤተሰቦች በየወሩ ያከፋፍላሉ። ጆንያ ስለማይበቃ ተቀባዩ ያለፈውን ወር ባዶ ጆንያ መልሶ ነው አዲስ የሚወስደው። ባዶውን! የእማማ አሰፋች ጆንያ ግን ባዶውን መጥቶ አያውቅም። መጀመሪያ ጎመን ነበረበት። በሚቀጥለው ወር በጭድ የተጠቀለሉ አራት እንቁላሎች። አሁን ደግሞ ይኸው ስንዴ። እህል የቸገረው ሰው እህል ሲያመጣ ማን አይቶ ያውቃል?

የመጋዘኑን ኃላፊ ሀሰኖን ግን ምንም ግራ አላጋባውም። ሀሰኖ ፀሐይ ወጣች ቢሉት እንኳ ደረሰኝ የሚጠይቅ ሰው ነው።

«ጓሮ አላቸው፣ ዶሮ አላቸው፣ አሁን ደግሞ እህል ተርፏቸዋል» አለ እስክሪብቶውን እያነሳ። «የባሰበት ስንቱ ደጅ እየጠበቀ ነው። ከሰዓት ኮሚቴው ሲሰበሰብ ስማቸው ይሰረዛል።»

«የተረፈው ሰው አምጥቶ ያሳያል እንዴ? ይደብቃል እንጂ!»

«እሱን እሳቸውን ጠይቂ።»

በባጃጅ ከነፈች። እማማ አሰፋች በር ከፍተው ሲወጡ ካለፈው ወር ይልቅ ከስተዋል። የጓሮው ጎመን እስከ ግንዱ ተቀንጥቧል። የዶሮ ድምፅ የለም። ፈይሩዛ ይብስ ግራ ተጋባች።

«እማማ፣ ዶሮዋስ?»

«ሸጥኳት ልጄ።»

«ታዲያ ስንዴውን ከየት አመጡት?»

እማማ አሰፋች የሞኝ ጥያቄ እንደሰማ ሰው አዩዋት። «ከየት አመጣለሁ? ከሰጣችሁኝ ላይ ነዋ! ሌላ ምን ቀረኝ? የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? እናትሽ ይህን አላስተማረችሽም?»

አስተምራታለች። እናቷ የጎረቤት ሳህን ቢያንስ ቁራሽ ዳቦ ሳታደርግበት መልሳ አታውቅም። ሴትዮዋ ጦማቸውን እያደሩ የጎረቤት ወግ ሲጠብቁ፣ እነሱ ስማቸውን ሊሰርዙ!

«ከእንግዲህ ባዶውን ይመልሱ፤ እኛ አንቀየምም» አለች።

የእማማ ፊት ጠቆረ። «ለማኝ ነሽ ማለትሽ ነው?»

ቢሰጡ ይራባሉ፣ ባይሰጡ ይዋረዳሉ። ፈይሩዛ ግራ ቀኙን ስታማትር ከአጥሩ ሥር የበቀለ ጤና አዳም አየች።

«ኧረ አይደለም እማማ! ስንዴ እኛ ጋ ሞልቷል ብዬ ነው። ሰሞኑን ሆዴን እየቆረጠኝ ተቸግሬያለሁ። ያ ጤና አዳም ነበር የሚሻለኝ።»

«ውይ ልጄን! ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም?»

ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ደርሳ ለሀሰኖ ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። «እኔም እኮ እንዲሁ ነው ያደግኩት» አለ ቀስ ብሎ። «እንዴት ጠፋኝ?» የእማማ አሰፋች ስም ሳይነካ ቀረ።

በወሩ ጆንያው መጣ። መጋዘኑ በጤና አዳም ሽታ ታወደ። ከውስጡ ሁለት እስር ወጣ፤ አንዱ በክር፣ ሌላው በንጹሕ ነጭ መሐረብ የታሰረ።

«በክር የታሰረው ያንቺ ነው» አለቻት ጆንያውን ያመጣችው የእማማ ጎረቤት። «በመሐረብ ያለውን ለኃላፊው ስጪልኝ ብለዋል። እሱንም ሆዱን ሳያመው አይቀርም፣ ያለዚያ ሰው እንዲህ አይኮሳተርም አሉ።»

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ሀሰኖ ግን አልሳቀም። ጤና አዳሙን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረና መሐረቡን በእጁ ይዞ ቀረ። አገላበጠው። አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው።

«ፈይሩዛ» አለ በመጨረሻ፣ ግራ እንደገባው። «በዚህ ውስጥ ምን አድርጌ ልመልሰው?»