መሬቱ እስኪረጋ

ፀጋው በጅቡቲ ወደብ አካባቢ በሚካሄዱ ግንባታዎች ላይ ሃያ ዓመት አፈር ሲለካ ኖሯል። ጭቃ ላይ ተቸኩሎ የተሠራ ቤት መጨረሻው ምን እንደሚሆን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ እሱና ሚስቱ ውብነሽ ከባሕሩ ዳር ረግረጋማ ቦታ ሲያገኙ፣ ወዲያው መሠረት አላስቆፈረም። ጠጠርና አፈር በመኪና አስመጥቶ ከሰው ቁመት በላይ አስከመረበት። ክምሩ ጭቃውን ተጭኖ ውሃውን ጨምቆ እስኪያስወጣው፣ መሬቱም ሰምጦ እስኪረጋ መጠበቅ ነበረባቸው። ከሥር በቀበረው ብረት ስንት እንደወረደ በየዓርቡ እየሄደ ይለካል።

ውብነሽ መጀመሪያ ላይ አብራው ትሄድ ነበር። ክምሩ ላይ ወጥታ «መኝታችን እዚህ ጋ ይሁን፤ መስኮቱ ወደ ባሕሩ» ትለዋለች። ከተማው ውስጥ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር የተከራዩት ክፍል መስኮት የለውም። በአምስተኛው ወር ግን የልብ ሕመሟ በረታና አልጋ ላይ ዋለች።

«ፀጋዬ፣ ዛሬስ ስንት ወረደ?»

«ሦስት ሚሊሜትር።»

«እንግዲህ ምን ቀረው? አንድ ክፍል እንኳ ሥራልኝና ልግባ። ይሄ ሙቀት ሊጨርሰኝ ነው።»

«ትንሽ ታገሺኝ፣ ውቤ። የጅብሪልን ቤት አላየሽም?»

ጅብሪል ከእነሱ ቦታ አጠገብ ሳይጠብቅ ሠርቶ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆበታል።

በሰባተኛው ወር ብረቱ ምንም አልወረደም። በሚቀጥለው ዓርብም እንዲሁ። ፀጋው ለውብነሽ አልነገራትም። ከሰማች እንደምታጣድፈው ያውቃል፤ ለማንኛውም አንድ ወር ልጨምርበት አለ በልቡ።

«ዛሬስ?» አለችው።

«ገና ነው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው በቆመበት ቀትር ላይ አረፈች። ፀጋው በካርቶን እያራገበላት ነበር። ትንፋሿ መቆሙን ያወቀው ቆይቶ ነው።

ከአርባዋ በኋላ ልጃቸውን ፅዮናዊትን ወደ ቦታው ወሰዳት።

«ከማረፏ ሦስት ሳምንት በፊት መሬቱ ረግቶ ነበር» አላት። «እያወቅሁ ዋሸኋት።»

«በሦስት ሳምንት ቤት አያልቅም እኮ፣ አባዬ።»

«አያልቅም። ግን መሠረቱ ሲቆፈር ታይ ነበር።»

ይህን ብሎ ክምሩ ላይ ተቀመጠና፣ በቀብሯ ቀን ያልመጣለት ልቅሶ መጣበት። ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘችው እንጂ ተው አላለችውም።

ቤቱ በዓመቱ አለቀ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለበትም። ፅዮናዊት ከባሏ ጋር ገባችበት፤ ለአባቷም አንዱን ክፍል አዘጋጀችለት። ፀጋው ግን እስካሁን አንድ ቀን እንኳ አላደረበትም። «መቼ ነው የምትመጣው፣ አባዬ?» ስትለው «እመጣለሁ» ይላትና ወሬ ይለውጣል።