ባዶዋን ትምጣ

መንኮራኩራችን ከጠፈር ጣቢያው ጋር በተገጠመች ማግሥት ወንድሜ ግሩም ፎቶዬን ፎቅ አሳክሎ ጣና ዳር ካለ ሆቴል ግንብ ላይ ሰቀለው። የተመረቅሁ ዕለት የተነሣሁት ፎቶ ነው፤ ቆቡ ወደ ግራ ጆሮዬ ተንሸራትቷል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «የጣና ዕንቁ ፀደንያ ጠፈርን ደፈረች!» ይላል። እኔ ጠፈርን አልደፈርሁም። የሄዱት ኖራና ቶማስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። እነሱ ሲሄዱ እኔ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር፣ ግሩም ቤት፣ የአባቴን እግር ትራስ ላይ አስደግፍ ነበር።

ባሕር ዳር የመጣሁትም ስለ እሳቸው ነው። አባቴ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ደቅ ደሴት ላይ ቅኔ ያስተምራሉ፤ ምላሳቸው የሚፈራ ሰው ናቸው። ከጀልባ ሲወርዱ ተንሸራተው እግራቸው ተሰበረ። ግሩም ደውሎ «ድረሽ» ቢለኝ አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅሁ። ብሬነር ይባላል። ፈቃድ ሲጠይቁት ፊቱ የሚጠቁር ሰው፣ ያን ዕለት ፈገግ ብሎ «ሂጂ፣ አባት ይቀድማል» አለኝ። የሚወደው አባቴን ሳይሆን ከዓይኑ መራቄን ነበር።

ውጭ አገር የምሠራበት የግል ኩባንያ ሰዎችን ወደ ጠፈር ጣቢያ የምታመላልስ መንኮራኩር ሠርቷል። ሰው ይዛ ስትሞከር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጠፈር ላይ ስትሆን አቅጣጫዋን የምትይዘው በዙሪያዋ በተተከሉ ትንንሽ ሞተሮች ሲሆን፣ የእኔ ሥራ እነሱን መፈተሽ ነበር። ከመነሣቷ በፊት አንዱን ሞተር እዚሁ ምድር ላይ አግለን ስንፈትሽ፣ የነዳጁን መተላለፊያ የምትከፍትና የምትዘጋ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን በሙቀት አብጣ መንገዱን ስትደፍን አየሁ። ተናገርሁ። ብሬነር «ተጓዦቹ ሳይፈሩ አንቺ ፈራሽ» ብሎ ሳቀ። በክፍሉ የነበሩትም ሁሉ ሳቁ፤ የሚያስቀው ነገር ገብቷቸው አይደለም፣ አለቃ ስለሳቀ ነው።

ተነሣች። ጣቢያው አጠገብ ስትደርስ ከሞተሮቿ አንዳንዶቹ ተራ በተራ ጠፉ። ቶማስ በእጁ እየነዳ፣ ኖራ መለኪያውን እያነበበችለት፣ እንደ ምንም አስጠጓት። በማግሥቱ ኩባንያው ለዓለም «ሙከራው እንደ ታሰበው ተከናውኗል» ብሎ አወጀ። እንደ ታሰበው! ሞተር ይጠፋል ብላ ያሰበች አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷም ተስቆባታል።

እንግዲህ ለዚህ ነው ግሩም ድግስ የደገሰው።

ግሩም የአንድ ኮሌጅ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጭብጨባ ሲሰማ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ሆቴሉ በር ላይ ምንጣፍ አስነጥፎ፣ የኮሌጁን ሰዎች ሁሉ ሰብስቦ፣ አንድ ባለሥልጣን ጋብዞ ጠበቀኝ። ባለሥልጣኑ «አባቶቻችን በታንኳ ጣናን እንደ ቀዘፉ፣ ልጆቻችን ዛሬ ሕዋን ይቀዝፋሉ» አለ። ተጨበጨበለት። በጭብጨባው ተበረታትቶ እንደ ገና ቀዘፈ፤ ከዓባይ ተነሥቶ ጨረቃ ላይ ደረሰ፤ መመለሻው ጠፍቶት ውኃ ጠጣ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

«ኖራና ቶማስ ገና እዚያው ላይ ናቸው» አልሁ። «የሄዱባት መንኮራኩር ታማለች። ድግስ የሚበላው ሙሽሮቹ ደኅና ሲገቡ ነው።»

አጨበጨቡ። ባለሥልጣኑ ከሁሉ አስቀድሞ አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያልሁትን የሰማው ግሩም ብቻ ነበር፤ መኪና ውስጥ እስክንገባ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ቆየ።

«ምን ነካሽ? በገዛ እንጀራሽ ላይ አፈር ትበትኛለሽ?»

«ውሸት ነው ወይ ያልሁት?»

«እውነት ሁሉ ይነገራል? ኩባንያሽ እኮ ኮሌጃችን ውስጥ የሥልጠና ማዕከል ሊከፍት ነው። ብሬነር ራሱ ነው የነገረኝ።»

«ብሬነር? አንተን የት ያውቅሃል?»

«ባለፈው ሰሞን ደወለልኝ። ስላንቺ እየጠየቀ፣ ስላንቺ እያመሰገነ...»

ስለ ክዳኗ ላነሣሁት ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ያጣ ሰው የወንድሜን ስልክ ፈልጎ የሚያገኝበት ጊዜ ነበረው። ምን እንደሚፈልግ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። ሁለቱ ሰዎች በዚያችው መንኮራኩር ይመለሱ ወይስ እነሱ ጣቢያው ላይ ቆይተው እሷ ባዶዋን ትምጣ? በዚህ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ሰዎቹን የላከው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከመወሰኑ በፊት ሞተሮቹን የፈተሽን ሁሉ ሐሳባችንን በቃላችን እንድንሰጥ ጠይቋል። ብሬነር ሰዎቹ በእሷው እንዲመለሱ «እስማማለሁ» እንድል ነበር የሚፈልገው። ለዚህች አንዲት ቃል ነው ጣና ዳር ማዕከል የሚሠራው።

በስብሰባው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ከአባቴ ጋር ተቀመጥን። እግራቸው በጀሶ ታስሮ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል።

«ወለተ ኪዳን» አሉኝ፤ ከእሳቸው በቀር በክርስትና ስሜ የሚጠራኝ የለም። «ያ ሰውዬ ምን ሁኚ ይልሻል? ወንድምሽ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።»

ስለ ሞተሩ፣ ስለ ክዳኗ ነገርኋቸው። «አሁን ጣቢያው ላይ እንዳለች ሲሞክሯቸው፣ ጠፍተው ከነበሩት የሚበዙት ሠሩ። ስለዚህ እብጠቱ ጎድሏል፣ ተሽሏታል ይላሉ።»

«በምን ተሻላት?»

«አይታወቅም፣ አባዬ።»

«እንዴት አይታወቅም? የሠሩት እነሱ አይደሉም ወይ?»

«ናቸው።»

አባቴ የሚንቁትን ነገር ሲያገኙ አፍንጫቸውን ነፋ ያደርጋሉ። ያንን አደረጉ። «እኔ ተማሪ ቅኔ ሲዘርፍ ምሥጢሩ ካልገባኝ ይበል አልልም። ድምፁ ቢያምርም፣ የጌታ ልጅ ቢሆንም አልልም። ያልገባውን ይበል የሚል መምህር እረኛ ይሁን።»

«እሺ፣ ብሳሳትስ? በደኅና ብትወርድስ?»

«ትዋረጃለሻ!» አሉ እየሳቁ። «ምን ትሆኛለሽ? ውርደት እግር አይሰብርም።»

በስብሰባው ቀን ቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለጠፋ ሆቴሉ ሄድሁ፤ የገዛ ፎቶዬን በራሴ ላይ አንጠልጥዬ ማለት ነው። ግሩም «ብቻሽን አትሁኚ» ብሎ ተከተለኝ። ካሜራው በማያየው በኩል ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ብሬነር በስክሪኑ ከኋላዬ ያለውን ሐይቅ አይቶ «እንዴት ያለ ውብ ቦታ ነው! ዕረፍቱ ተስማምቶሻል» አለ። ቀጥሎ ሞተሮቹን የፈተሹትን አንድ በአንድ ጠየቃቸው። አንዱ «ስጋቱ ተቀባይነት ያለው ነው፤ ይመለሱባት» አለ። ሁለተኛውም ይህንኑ አለ። ሦስተኛው ትንሽ ጉሮሮውን ጠረገና ይህንኑ አለ። የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ከእኔ የሚበልጡም አሉባቸው። እንደ ደብተራ ተቀባብለው አዜሙት። ስጋቱን የተቀበሉት ግን እነሱ አልነበሩም፤ ሁሉም ማታ በመኪናቸው ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

እኔ ጋ ደረሰ።

«ክዳኗ አብጣ ነበር» አልሁ። «አሁን ጎደለች ትላላችሁ። ለምን ጎደለች?»

«መረጃው የሚያበረታታ ነው» አለ ብሬነር።

«እሱ መልስ አይደለም። ስትመለስ እንደ ገና ትግላለች። እንደ ገና ብታብጥስ?»

«ፀደንያ፣ አንቺ ሩቅ ነሽ። እዚህ ያለነው ነገሩን እናውቀዋለን።»

«ካወቃችሁት ንገሩኛ!»

ግሩም በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ዞር ብዬ አየሁት። ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ «እስማማለሁ በያ፣ ምን ይጎዳሻል?» ይላል። ላቡ በጆሮው በኩል ይወርዳል። በሕይወቴ ያን ዕለት እንደ ናቅሁት ንቄው አላውቅም፤ ብሬነርን እንኳ እንዲያ አልናቅሁትም፤ ብሬነር የእናቴ ልጅ አይደለም።

ትዝ ያለችኝ ኖራ ናት። ከመሄዷ በፊት መፈተሻ ክፍላችን እየመጣች እያንዳንዱን ነገር በጣቷ እየነካች «ይኼ ቢበላሽ እኔ ምን እሆናለሁ?» ትለኝ ነበር። ከትልልቆቹ ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም።

«ኖራ የማላውቀውን ስትጠይቀኝ አላውቅም እላት ነበር» አልሁ። «ዛሬም አላውቅም። አልስማማም። ባዶዋን ትምጣ።»

ከስክሪኑ ጥግ አንድ ድምፅ «እኔም እውነቱን ለመናገር... አልስማማም» አለ። ሌላም ተከተለው። ቀድሞ «ይመለሱባት» ካሉት አንዱም ቃሉን አጠፈ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። እስከዚያች ደቂቃ አፋቸውን ማን ሰፍቶት ነበር?

መሥሪያ ቤቱ ሁለቱን ሰዎች እዚያው አቆያቸው። መስከረም ሲገባ መንኮራኩሯ ባዶዋን ተመለሰች። ጠዋት ሳሎን ተቀምጠን አየናት፤ ጃንጥላዎቿን ዘርግታ እንደ ላባ በረሃ ላይ አረፈች። ምንም አልሆነች።

«ይኸው!» አለ ግሩም ከወንበሩ ተነሥቶ። «ይኸው ወረደች! ምን ሆነች? ንገሪኝ፣ ምን ሆነች?»

ምንም አልሆነችም። ብሬነር ያንኑ ዕለት ደወለ። «ኖራና ቶማስ ውስጧ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ራታቸውን ከልጆቻቸው ጋር ይበሉ ነበር» ብሎ ዘጋው። ከሳምንት በኋላ ቦታሽ ታጥፏል ተባልሁ። የማዕከሉም ወሬ በዚያው ቀረ፤ ፎቶዬም ከግንቡ ወረደ። ባለሥልጣኑ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስልኩን አውጥቶ ያወራ ጀመር። ኮሌጁ ውስጥ «በአንዲት ሴት ፍርሃት ሁለት ሰው ሰማይ ላይ ቀረ» እየተባለ ይሳቅ እንደ ነበር የነገረችኝ የግሩም ሚስት አደይ ናት። ግሩም ራሱ አብሮ ሳይስቅ አይቀርም።

አላፈርሁም ብል ውሸት ነው። አፍሬአለሁ። ከሰው ዓይን ለመሸሽ አባቴን ይዤ ደቅ ገባሁ፤ እግራቸው ድኖ በከዘራ መሄድ ጀምረው ነበር። ከሐይቁ ዳር ተቀምጬ ያንን ስብሰባ ደጋግሜ በሐሳቤ አመላለስሁት። ያቺ ክዳን ለምን እንደ ጎደለች እስካሁን የነገረኝ የለም። በደኅና መውረዷ ምክንያቱን አልነገረኝም። ብሬነር መልሶ ቢጠይቀኝ መልሼ አልስማማም እለው ነበር። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ኀፍረቴ ይቀንስና ንቀቴ ይጨምራል። ንቀት ደግሞ ለብቸኛ ሰው መጥፎ ጓደኛ አይደለም፤ ቢያንስ ያሞቃል።

ሁለቱ ሰዎች የተመለሱት ከጥምቀት በኋላ፣ በሌላ ኩባንያ መንኮራኩር ነው። ያን ሰሞን ለአባቴ መድኃኒት ልገዛ ባሕር ዳር ወጥቼ ነበር። ግሩም ደወለ። ለወራት አልተነጋገርንም ነበር። «ነይ» አለኝ፤ «እየወረዱ ነው።» ሌላ ምንም አልጨመረም። ሄድሁ።

ቴሌቪዥኑ መንኮራኩሯ ባሕር ላይ ስታርፍ አሳየና ወደ ብሬነር ዞረ። ክራቫቱን አሳምሮ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ ቆሟል። «ለእኛ ከምንም በላይ የጠፈርተኞቻችን ደኅንነት ይቀድማል» አለ። «የራሳችን መንኮራኩር ባዶዋን እንድትመለስ ከመጀመሪያውም ደፍረን ሐሳብ ያቀረብን እኛው ነን።»

ግሩም ወደ እኔ ዞረ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። «ይኼ ሰውዬ...» አለ። «ይኼ ሰውዬ እኮ...»

«የደወለልህ እሱ ነው» አልሁት።

አቀረቀረ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ሪሞቱን ከእጁ ወስጄ ድምፁን አጠፋሁት፤ ብሬነር ያለ ድምፅ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ቆየ።

ከዚያ ኖራን አወጧት። ከስታለች፤ እግሯ አልጸና ብሎ ሁለት ሰዎች ብብቷን ይዘው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት መሰለኝ በእጇ ከለለችው። ቶማስን ከኋላዋ ሲያወጡት አንገቷን ጠምዝዛ አየችው። ከዚያ ክንዷን ለያዘው ሰው አንድ ነገር ነገረችው። ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ሁለቱም ግን በሳቅ ፈረሱ።